የሰኞ ውኃ

ከባለቤቴ ከይማም ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ካሮት ማጠጣት ነው። ጥር ነበር፤ ቀኑም ሰኞ፤ የቤታችን የውኃ ተራ ሰኞ ነው። ፈጅር ሰግደን ወጣን። እሱ አካፋውን ይዞ ከላይ፣ ቦዩ ወደ ማሳችን በሚገባበት አፍ ላይ ቆመ። እኔ ከታች፣ መደቡ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ቆምኩ። እሱ ይከፍታል፤ ውኃው በፈሩ ውስጥ እየተሳበ መጥቶ እግሬን ሲነካኝ «ደረሰ!» ብዬ እጮሃለሁ፤ ያንን ዘግቶ ቀጣዩን ይከፍታል። ስንት ዓመት የሠራነው እንዲሁ ነው። የዚያን ቀንም የተለየ ነገር አልተነጋገርንም። አንዱ ፈር ላይ ዘግይቼ ኖሮ ከላይ ሆኖ፣

«ዘሐራ፣ ተኛሽ እንዴ? ካሮቱ ሊዋኝ ነው!» አለኝ።

«አንተ ነህ እንጂ ጎርፍ የምትለቅብኝ!» አልኩት።

ሳቁ እስከ ታች ተሰማኝ። በማግስቱ ዙሁር ሰግዶ ጋደም አለ፤ አልተነሳም። አላህ ይርሐመው።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ትንሽ ጽፌ ጓሮ እወጣለሁ፣ ተመልሼ ደግሞ እቀጥላለሁ። መደቦቹን ዘንድሮ ለልጃችን ለሐያት አስረክቤአለሁ፤ የአትክልት ገበሬነቴ በዚሁ አብቅቷል። ለምን እንዳስረከብኩ መጨረሻ ላይ እናገራለሁ። ሐዘንተኛ ነኝ፤ ቢሆንም ያንን ሥራ ባነሳሁ ቁጥር ልቤ እንደ ልጅ ይዘላል፣ ምን ላድርገው?

ሁለታችንም ገበሬ ሆነን አልጀመርንም። የተዋወቅነው ኮምቦልቻ ውስጥ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። እኔ ጨርቅ መርማሪ ነበርኩ፤ ጨርቁ በመብራት ላይ ሲያልፍ የተበጠሰ ክር እፈልጋለሁ። ይማም የማሽን ጠጋኝ ነበር። የፈረቃ አለቃችን ከማሽኖቹ በላይ መጮህ ስለለመደ ሻይ ቤት ገብቶ ስኳር ሲጠይቅ እንኳ ሰው ይደነግጥ ነበር። ደመወዙ ከወር ወር ያደርሰን ነበር፤ ስለ ፋብሪካው ሌላ የምለው የለኝም። የይማም አባት ሲሞቱ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ሥር ያለችው ማሳ ለኛ ደረሰች። ይማም አንድ ቀን አይቷት መጣና «ዘሐራ፣ ፋብሪካው ይብቃን» አለኝ። እኔም ሳላቅማማ እሺ አልኩ። ወጣት ነበርን።

ማሳዋን ከኛ በፊት ተከራይቶ የያዛት ሰው ሽንኩርት በሽንኩርት ላይ ሲደጋግምባት፣ መድኃኒት በመድኃኒት ላይ ሲረጭባት ኖሯል። አፈሩ ሲረግጡት እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበር ነበር። በገባን ሰሞን አንድ ቀጭን ሽማግሌ ማሳው ዳር መጡና ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። አያ እንድሪስ ይባላሉ፤ የውኃ አባታችን ናቸው። የውኃ አባት ማለት ከተራራው ምንጭ የሚወርደውን ቦይ ለገበሬው በየቀኑ የሚያካፍል፣ ጠብ ሲነሳም የሚዳኝ፣ ገበሬው ራሱ የመረጠው ሰው ነው።

«ሰኞ የአባትህ ነበር፤ እንግዲህ ሰኞ ያንተ ነው» አሉት ይማምን። «ሕጉን ታውቃለህ። ቦይ ሲጠረግ ያልወጣ፣ በተራውም አፉ ላይ ያልቆመ ሰው ቀኑ ለሌላ ይሰጣል። የሄደ ቀን ደግሞ ሲመለስ አላየሁም።»

«መርሐባ፣ እሺ አያ።»

«አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ። ያ ሰውዬ በረጨ ቁጥር ንቦቼ አለቁብኝ። የቀሩኝ ሁለት ቀፎ ናቸው። ንቦቼን አትግደሉብኝ።»

ይማም ወዲያው «ወላሂ አንነካቸውም!» አለ።

ሽማግሌው ራቅ ሲሉ «ምን ብለህ ነው የማልከው? ትሉን በምን ልትገድለው ነው?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ምያለሁ እንግዲህ።»

እርሻችን የተጀመረው እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሐያት ደሴ ኮሌጅ ገብታ «አባ፣ እኛ የምንሠራው እኮ ኦርጋኒክ እርሻ ይባላል» ስትለው፣ ይማም «የአያ እንድሪስ ንብ ይባላል» አላት።

መማር ጀመርን። ኧረ ስንቱን ተማርን! እበቱን፣ አመዱን፣ እርጥቡን ቅጠልና ደረቁን ሣር ለማዳበሪያ እየደራረብን እንከምራለን፤ መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት እንሰካለን። እንጨቱን መዝዤ ስጨብጠው እጄን ካቃጠለኝ ክምሩ እየሠራ ነው። ቀዝቅዞ ከወጣ ደርቋል፣ ወይ ውኃ በዝቶበታል። እንጨት እየመዘዝኩ ስቦርቅ ያየኝ መንገደኛ ያበድኩ ሳይመስለው አይቀርም። ክምሩ ሲበስል የእበቱ ሽታ ይጠፋና ዝናብ የነካው ጫካ ይሸታል። ያ ሽታ እስካሁን ከሽቶ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ካሮት የኔ ነበር። ዘሩ ከቁንጫ የሚያንስ ነው፤ በደረቅ አሸዋ ለውሼ መስመር ላይ እበትነውና እርጥብ ጆንያ አለብሰዋለሁ። በየጠዋቱ ጆንያውን ገለጥ አድርጌ አያለሁ። አረንጓዴው ክር ብቅ ባለበት ቀን ጆንያው መነሳት አለበት፤ ካደረበት ቡቃያው ነጥቶ ይጣመማል። ያቺን ክር በመጀመሪያ ያየሁ ቀን «ይማም! ወጣ! ና እይ!» ብዬ ስጮህ እባብ ያየሁ መስሎት ዶማ ይዞ ሮጠ። ፋብሪካ ውስጥ ክር ስፈልግ የኖረ ዓይኔ ለዚህች ቀን የተሠራ ነበር የመሰለኝ።

ለትሉ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጠን ከሳሙና ጋር እንዘፈዝፋለን፤ ቅጠሉን ለሚመጠው ክሽክሽ አመድ እንነሰንሳለን። ሁሉንም አያጠፋም። የተረፈውን ትል በእጅ እየለቀምን ለዶሮ እንሰጣለን፤ ከዚያም የተረፈው ድርሻውን ይበላል። ስለዚህ ጎመናችን ቀዳዳ ነበረው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ቅርጫት ተሸክሜ በር ለበር ስዞር የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ እትዬ ብርቄ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንስተው በቀዳዳው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ትል የቀመሰውን ነው እንዴ የምትሸጪልኝ?»

«አዎ እትዬ፤ እሱ ቀምሶ ካልሞተ እርስዎም አይሞቱም።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ገዙኝ፤ በሳምንቱ ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ጠበቁኝ። ከዚያ በኋላ ጎመን ከቀዳዳ ጋር የሚጠይቅ ሰው በዛ። አንዳንዷ ሙሉ ቅጠል ካየች «ይህንንስ ረጭታችሁበት ነው?» ትለኝ ጀመር።

ሁለት ጾም ማሰቡን የተማርኩት እዚያው ሆጤ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ክርስቲያኑ ጎመንና ቀይ ሥር ይፈልጋል፤ ረመዳን ሲገባ እኛው ለሾርባ ካሮትና ድንብላል እንፈልጋለን። ረመዳን ግን በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አንድ ዓመት በጋ፣ ሌላ ዓመት ክረምት ላይ ይውላል። እንግዲህ ካሮቱ ለጨረቃዋ እንዲደርስ መቼ ይዘራ? ከይማም ጋር መሬት ላይ በጠጠር ወራቱን እየደረደርን እንከራከራለን። አንድ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ሲገናኙ የማሳው ግማሽ ለአንዱ፣ ግማሹ ለሌላው እኩል ደረሰ። ያኔ ይማም መሐል ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ «ሙስሊም በቀኝ፣ ክርስቲያን በግራ!» እያለ መኪና አስተናባሪ ሆነ። ከመንገድ ያዩት ሾፌሮች ጥሩምባ ነፉለት።

ሁሉ ግን ሳቅ አልነበረም። አንድ ዓመት ቲማቲም በብዛት ተከልን፤ ለሆጤ ደንበኞቻችንም ቃል ገባን። ኩታበር የሚኖረው የይማም ወንድም ለደቦ ሲመጣ አንድ ጭነት የስንዴ ገለባ በስጦታ አመጣልን። ለዚያ መንገድ ሁሉ መኪና ተከራይቶ ነው። ገለባ ለኛ ወርቅ ነው፤ ቲማቲሙ ሥር አለበስነው፤ እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል። ስጦታ ይዞ የመጣን ሰው «ይህ ከየት ማሳ ነው? ምን ተረጭቶበታል?» ብሎ መጠየቅ በኛ ዘንድ ነውር ነው። አልጠየቅንም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የቲማቲሙ ጫፍ መጠቅለል ጀመረ። ቅጠሉ እየጠበበ ጅራት መሰለ፤ ግንዱ ተጣመመ። በሽታ ነው ብለን የታመመውን ነቀልን፤ በማግስቱ ሌላው ያዘው። አያ እንድሪስ ጫማቸውን አውልቀው ገብተው ዞር ዞር አሉና በቀስታ፣

«ገለባ ያልለበሰው መስመር ደህና ነው» አሉ።

ይማም ለወንድሙ ደወለ። «ዘንድሮ አረም አስቸግሮን ፀረ አረም ረጭተንበት ነበር። ምነው?» አለው ወንድሙ በቅን ልቦና። ይማም «ምንም አይደለም፤ ገለባው ጥሩ ነው፤ አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ዘጋ። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ። ቲማቲሙን በሙሉ ነቀልን፤ ገለባውን እየሰበሰብን አወጣን። ሆጤ ሄደን በር ለበር «ቲማቲሙ መድኃኒት ነክቶታል፤ የለም» አልን። በቦታው በቆሎ ዘራን፤ የሣር ዘር ስለሆነ ያ መድኃኒት አይጎዳውም፣ መሬቱም ጊዜ ያገኛል። አያ እንድሪስ ያኔ የመከሩን አንድ ነገር ነበር፤ «ባዶ መሬት ቢሆንም ሰኞ አፉ ላይ ቁም።» ይማም በየሰኞው ቆመ። ከዚያ ወዲህ ማንም ስጦታ ሲያመጣልን ሐያት ነበረች ወጥታ የምትጠይቀው፤ «ልጅ ናት፣ አታውቅም» ይባልልን ነበር።

አያ እንድሪስን ሳስብ ሁለት ልማዳቸው ይታየኛል። አንዱ ቅጠሉ ነው። ውኃ ሲለቁ አንድ የግራር ቅጠል ጣል ያደርጉበትና አብረውት ይሄዳሉ። ቅጠሉ ከቆመ ቦዩ ተደፍኗል፤ ከዞረ ከሥሩ ቀዳዳ አለ። ሌላው ደግሞ ውኃ በሚያካፍሉበት ቀን የማንንም ሻይ አይቀምሱም፤ «ነገ ስትጣሉ ሻዩ በሆዴ ይናገርብኛል» ይላሉ። የራሳቸው የአትክልት ማሳ አልነበራቸውም፤ ንብ ብቻ። የሚያካፍል ሰው ተራ ሊኖረው አይገባም ብለው ማሳቸውን ገና በጉልምስናቸው ለወንድማቸው ሰጥተዋል።

ይማም ሲሞት ኢዳ ገባሁ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ከቤቷ ሳትርቅ የምትቀመጥበት ጊዜ ነው፤ አራት ወር ከጥቂት ቀናት። ያም በጋው ሙሉ ነው፤ ቦዩ በጣም የሚፈለግበት ወቅት። ለቅሶው ላይ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ነኝ። ከኛ ቀጥሎ ታች ያለው ጎረቤታችን አሊ ሲናገር ሰማሁት።

«ሰኞን ለጊዜው እኔ ልያዘው። ካሮቷም አይደርቅም፣ እኔው አጠጣላታለሁ። ከኢዳ ስትወጣ እንነጋገራለን።»

አሊ ክፉ ሰው አይደለም። «እንነጋገራለን» የምትለዋ ቃል ግን እንደ በረዶ ወረደችብኝ። ሰኞ ከሄደ ካሮቱም፣ ጎመኑም፣ የሆጤ ቅርጫትም፣ ከይማም ጋር የሠራሁት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አያ እንድሪስ ተነስተው ደጃፌ ድረስ መጡ።

«ዘሐራ ልጄ፣ አብሽሪ። ሰኞ ማን ይቆማል?»

አፌን ሳልከፍት ሐያት ከጎኔ «እኔ እቆማለሁ» አለች።

አሊ ከድንኳኑ «ኧረ አያ! ሴት ልጅ በማለዳ ቦይ ላይ? ታይቶም አይታወቅ!» አለ።

«ውኃው ማን ከፈተኝ ብሎ ጠይቆህ ያውቃል?» አሉት።

ሰኞ መጣ። ቤታችን ከመደቦቹ ጫፍ ላይ ስለሆነ ከጓሮዬ ሳልወጣ ውኃው እግሬ ጋ ይደርሳል። ሐያት ከላይ ከፈተች። ውኃው መጣ፤ ነካኝ። «ደረሰ» ማለት አቃተኝ። ውኃው ሞልቶ መደቡ ላይ መውጣት ጀመረ። ያኔ ሐያት ከላይ፣

«እማ! ተኛሽ እንዴ?» አለች።

አባቷ ያለኝን አታውቅም፤ ያን ቀን አልነበረችም። እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። «ደረሰ!» አልኩ፤ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሮዬ ተቀምጬ ቦዩን መስማት ጀመርኩ። ዋናው ቦይ በቤታችን ጎን አልፎ በአንድ ድንጋይ ላይ ወርዶ ወደ ታች ይሄዳል። መጀመሪያ ድምፁ ሁሉ አንድ ነበር። እየቆየሁ ስሄድ ለየሁት። ማን በጊዜ እንደከፈተ፣ ማን ሳይዘጋ ሻይ ሊጠጣ እንደሄደ፣ የማን ልጅ ድንጋይ እንደወረወረበት አውቅ ነበር። ባል የሞተባት ሴት ይህን ያህል መደሰት ይገባት እንደሆን አላውቅም፤ ግን በየማለዳው ጆሮዬን ይዤ ወደ ጓሮ ስወጣ የመጀመሪያዋን የካሮት ክር እንዳየሁ ሰሞን ነበርኩ።

አንድ ሰሞን ድንጋዩ ላይ የሚወርደው ቀጠነ። ሐያትም «እማ፣ ሰኞ ካሮቱን ሳላዳርስ ቀኑ አለቀብኝ» አለችኝ። ወዲያው ጩኸት ተነሳ። ማክሰኞ ባለተራው ጌታቸው ነው፤ ማሳው ከኛ በላይ ነው። አሊ ረቡዕ ውኃው ሲያንስበት ጌታቸውን ሌባ ብሎ ሰደበው፤ በአካፋ ሊማቱ ሲሉ ተገላገሉ። አያ እንድሪስ ሁለቱን ይዘው ጓሮዬ በር ላይ መጡ።

«ዘሐራ፣ አንቺ እዚህ ነሽ። ምን ሰማሽ?»

«አያ፣ የቀጠነው ረቡዕ ብቻ አይደለም» አልኩ። «ሐሙስም ቅዳሜም ድንጋዩ ላይ የሚወርደው ቀጥኗል። የኛም ሰኞ ቀጥኗል። ጌታቸው በየቀኑ ቢሰርቅ ማሳው ረግረግ በሆነ ነበር።»

«ይኸው!» አለ ጌታቸው። «እንቁራሪት አለኝ እንዴ?»

«ጌታቸው፣ ያንተ ማክሰኞ ሙሉ ነው?»

«በእመቤቴ፣ ሙሉ ነው።»

«እንግዲያ ካንተ አፍ በታችና ከኛ አፍ በላይ ነው የሚጠፋው። ሰው ሳይሆን ቦዩን እዩት።»

አያ እንድሪስ ፈገግ ብለው ቅጠል ለመቁረጥ ሄዱ። እኔ መውጣት ስለማልችል እዚያው ቆሜ ጠበቅሁ። ጥቂት ቆይቶ ከላይ ጩኸት ሰማሁ። ቅጠሉ ቦዩ ዳር ያለው ሾላ ሥር ሲደርስ መዞር ጀምሯል፤ ቢቆፍሩ ፍልፈል የሠራው ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ፤ የሰፈሩን ውኃ ወደ ገደል ሲያወርድ ነበር። አሊ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ መጣ።

«እሙ ሐያት፣ አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ» አለኝ። «እኔ ቆሜ ያላየሁትን አንቺ ተቀምጠሽ ሰማሽው።»

«አፉ ብያለሁ። አፉታውን ግን ጌታቸውን ጠይቀው» አልኩት። ጠየቀው።

ጥቅምት ላይ ቦይ ሲጠረግ እኔም ዶማ ይዤ ወጣሁ። ሥራው ሲያልቅ አያ እንድሪስ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡንና «ከእንግዲህ ከቅጠሉ እኩል መሄድ አልቻልኩም፤ እየቀደመኝ ነው። ሌላ ሰው ምረጡ» አሉ። መጀመሪያ አሊ ተነሳ።

«ዘሐራ ትሁን።»

አንዱ ከኋላ «ሴት የውኃ አባት?» ብሎ ሳቀ።

«አባትም በላት፣ እናትም በላት፣ እኔን ሌባ ከመባል ያዳነችኝ እሷ ናት» አለ ጌታቸው።

አያ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሩ። «ሕጉን ታውቂዋለሽ፣ ልጄ። የሚያካፍል ሰው ተራ የለውም።»

ሰኞ በዓይኔ መጣ። ይማም ከላይ፣ እኔ ከታች። ሐያትን አየኋት፤ አካፋውን የያዘችው እንደ አባቷ ትከሻዋ ላይ ነው።

«ሰኞ የሐያት ይሁን» አልኩ። «በሷ ስም፣ ማንም ‹እንነጋገራለን› ሳይልበት።»

«መርሐባ!» አሉ ገበሬዎቹ። ከሁሉም በላይ የጮኸው አሊ ነበር።

ማሳውን ያስረከብኩት ለዚህ ነው። ሐያት ከድጃ የምትባል የኮሌጅ ጓደኛዋን ይዛ ታርሳለች። ሰኞ ማለዳ በአፉ በኩል ሳልፍ «እማ፣ ሻይ ጠጥተሽ ሂጂ» ትለኛለች። «ዛሬ አልጠጣም» እላታለሁ። ትስቃለች፤ ትከፍታለች። ከድጃ ከታች «ደረሰ!» ስትል ቅጠሌን ቦዩ ላይ ጥዬ አብሬው እሄዳለሁ።

አሁን የአያ እንድሪስን ሥራ እሠራለሁ። በየማለዳው ቦዩን እየዞርኩ ለየቤቱ ውኃ አካፍላለሁ።